ፕሮግራመሩ ጋራዥ ሲገባ ምን ይለወጣል?

የሶፍትዌር ሰዎች ሰብሰብ ብለው ሲጫወቱ እንደ ዋዛ ጣል የሚደረግ አንድ ሐሳብ አለ፤ «ይሄን ላፕቶፕ ሽጬ ጋራዥ ብገባ ይሻለኛል» የሚል። ይሳቅበታል፤ የሚያስቀው ግን እውነት ስላለበት ነው። ቀን ከሌት ኮድ ሲጽፍ የኖረ ሰው ተንገሽግሾ የእጅ ሙያ ቢመኝ አይፈረድበትም። የሚያጠያይቀው መድኃኒቱ ነው፤ ከኪቦርድ ወደ መፍቻ መዞር ያድናል ወይ? እንደኔ ሊያድን ይችላል። የሚያድነው ግን የሥራውን ሰዓት፣ የሥራውን መጨረሻና ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለውን ሥልጣን ሲለውጥ ነው። እነዚህ ካልተለወጡ አዲስ አበባ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለው ጋራዥም ቦሌ ካለው ቢሮ አይሻልም።

«በርንአውት» የሚባለውን የሥራ ዝለት እ.ኤ.አ. በ1974 ለጥናት ያቀረበው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት መድቦታል፤ ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የሠሩት ሁሉ ዋጋ ቢስ ሆኖ መታየት። ጉዳዩን ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት ክርስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር ደግሞ መነሻውን በስድስት ነገሮች ይፈልጉታል፦ በሥራ ብዛት፣ ሰው በሥራው ላይ ባለው ሥልጣን፣ በሚያገኘው ክፍያና ምስጋና፣ ከባልደረቦቹ ጋር ባለው ግንኙነት፣ በፍትሕና ሠራተኛው በሚያምንበት ነገር። ከስድስቱ አንዱም ስለ ኮምፒውተር አይናገርም። ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እዚህ ተቀምጦ ለኒውዮርክ ድርጅት የሚሠራ ፕሮግራመር፣ አሠሪው ቢሮ ሲገባ በእሱ ሰዓት ከቀኑ 10 ወይም 11 ሆኗል፤ አሠሪው ወደ ቤቱ ሲሄድ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ነው። ለካሊፎርኒያ ከሆነማ ቀኑ የሚያልቀው ዶሮ ሊጮህ ሲል ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ዴድላይኑ አብሮ አልተቋረጠም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፣ ለትርፍ ሰዓትም ተጨማሪ ክፍያ ያዛል፤ ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት በኮንትራት ለሚሠራው ግን በተግባር አይደርስለትም። እንዲህ ያለው ሰው ያደከመው ኮዱ ነው ማለት ይከብዳል።

ታዲያ ጋራዡ ምን ይሰጣል? አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ተጎትታ ገባች እንበል። ዋናው ባትሪ ሙሉ ነው፤ እሷ ግን አልነሳ ብላለች። መካኒኩ መልቲሜትሩን አውጥቶ ትንሹን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይለካል። ይህ ባትሪ ጤነኛ ከሆነ ሥራ ሳይበዛበት 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 11 ወርዶ ከተገኘ በሽታው እዚያው ሊሆን ይችላል። ዋናውን ባትሪ ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኙት ኮንታክተሮች የሚሠሩት በዚህ በትንሹ ጉልበት ነውና፣ እሱ ሲደክም ትልቁ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ታስሮ ይቀራል። ባትሪው ይቀየራል፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል፤ አለቀ። ይህ «አለቀ» ለፕሮግራመር ብርቅ ነው። እሱ አንዱን ሥራ ሲያስረክብ የስህተቱ ዝርዝር ይከተለዋል፤ ወራት የፈጀበት ነገር ማንም ሳይጠቀምበት ሲሰረዝም ያያል። አሜሪካዊው ማቲው ክሮፎርድ በፖለቲካ ፍልስፍና ዶክትሬቱን ይዞ ከዋሽንግተን የጥናት ተቋም ከወጣ በኋላ ሞተር ሳይክል ጥገና የከፈተው ይህን ፈልጎ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። የሞተር ጥገና ከተቋሙ ሥራ ይልቅ ጭንቅላት ያሠራል ይላል፤ እውነቱን ነው። (መጽሐፉ በጣም እንደተሸጠለት፣ መጻፉንም እንዳልተወ ግን አንርሳ።)

ጋራዡን ገነት ማስመሰል ግን አይገባም። የፒያሳው አትክልት ተራ በጃንሜዳ በኩል አድርጎ በ2013 ዓ.ም ወደ ሀይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ አካባቢው የጭነት መኪና ይበዛበታል። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ሲበላሽ ባለቤቱ «ነገ ና» ቢሉት አይሰማም፤ ቲማቲሙም አይጠብቅም። ያም ዴድላይን ነው፤ ያውም የሚሸት። ከመኪና ሥር ተኝቶ መዋል ወገብ ይጎዳል፣ የተቃጠለ ዘይትና ቤንዚን ቆዳና ሳንባ ይጎዳል፤ ሰንበት የማይከበርበት ጋራዥም ሞልቷል። ስለዚህ «እጅ ሥራ ያሳርፋል» የሚለው አባባል ብቻውን አያስኬድም። ልዩነቱ ያለው መካኒኩ ሥራውን ዓይቶ መገመት፣ ዋጋ መናገር፣ የማይችለውን አልችልም ማለት በመቻሉ ላይ ነው። ይህን ሥልጣን የማያገኝ ረዳት ከፕሮግራመሩ ባልተናነሰ ይዝላል፤ ደመወዙ ደግሞ ያነሰ ነው።

የገንዘቡ ነገር ቀላል ተቃውሞ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ በዶላር የሚከፈለው ሰው ገቢ በብር ሲመነዘር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ይህን ጥሎ ረዳት መካኒክ መሆን ቤተሰብ የሚያስተዳድርን ሰው ያስፈራል፤ ሊያስፈራውም ይገባል። እኔ በግሌ ሌሊቱን በቀን የሚቀይር ሥራ ከማግኘት፣ ረዘም ያለ ዕረፍት ከመውሰድ ይጀመር እላለሁ። ለአንዳንዱ ይህ ይበቃዋል፤ ዕረፍቱ አልቆ ላፕቶፑን ሲከፍት ሆዱ የሚገለበጥበት ሰው ግን ሌላ ነው። ሌላው ተቃውሞ ኀፍረት ነው፦ «ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» የእጅ ባለሙያን መናቅ እዚህ አገር ሥር የሰደደ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ እንኳ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ንቀቱ በአዋጅ አልጠፋም፤ አሁን ግን ከአዋጁ ይልቅ ገበያው እየሸረሸረው ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሄዱ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ 5 ሚሊዮን ሰው ኮድ የሚማርበት ፕሮግራም ተጀመረ። ሁለቱ ውሳኔዎች ሳይታሰብ የሚገናኙት ጋራዥ ውስጥ ነው። ከቻይና በቀጥታ የሚገቡት እንደ ቮልስዋገን አይዲ ፎር ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስክሪናቸው በቻይንኛ ይመጣል፤ ስህተታቸው የሚነበበው በዲያግኖስቲክ ማሽን ነው፤ አንዳንዱ ብልሽትም ሶፍትዌሩን በማደስ ይፈታል። ችግርን ለሁለት እየከፈለ ማጥበብ የለመደ ፕሮግራመር እዚህ ባዶ እጁን አይገባም፤ ትምህርቱ ባከነ የሚለው ወቀሳም ይላላል። የሚጎድለው የእጅ ልምድ ነው። ለእሱ ሀይሌ ጋርመንት ባለበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ተግባረ እድ ኮሌጅም አለ። ኮድ ላይ የተሳሳተ ሰው ወደ ኋላ መልሶ ያርማል፤ የኤሌክትሪክ መኪናን ከ300 ቮልት በላይ የተሸከመ ብርቱካናማ ገመድ ኃይሉ ሳይቋረጥ የፈታ ግን የሚያርምበት ዕድል ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ በዕድሜ የሚያንሰው መካኒክ «አትንካ» ሲለው እጁን መሰብሰብ፣ ዓመትም ቢፈጅ ከሥሩ ሆኖ መማር አለበት፤ የሥራ ሰዓቱንና የዕረፍት ቀኑን ግን ቱታውን ከመልበሱ በፊት ከባለ ጋራዡ ጋር ይነጋገር።