ጨርቁ ቆሞ መኪናው የሚሄድበት ስፌት

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ሃሚልተን የምትባል፣ ነዋሪዋ 2,000 የማይሞላ የገጠር ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2008፣ የገንዘብ ቀውሱ ብዙ ቤተሰብ ባናጋበት ወቅት፣ ጄኒ ዶን የተባሉ የሰባት ልጆች እናት የሰፉትን ኩዊልት እንዲጨረስላቸው ለባለሙያ ሰጥተው ነበር። ልጃቸው አላን መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቃቸው ወረፋው ገና ብዙ ወራት እንደሚቀረው ነገሩት። ልጆቻቸውም ይህን ያህል ሰው ተሰልፎ የሚጠብቅ ከሆነ ሥራው ገበያ አለው ብለው አንድ ትልቅ የኩዊልት መስፊያ መኪናና አንድ አሮጌ ሕንፃ ገዙላቸው። ዛሬ ሚዙሪ ስታር የሚባለው ድርጅታቸው በከተማዋ ዋና ጎዳና ግራና ቀኝ ሱቆች ከፍቷል፤ ከየግዛቱ ሰው እየነዳ ይመጣበታል። ድርጅቱ ስም ያተረፈው በጨርቅ ሽያጭና በዩቲዩብ ትምህርት ቢሆንም መነሻው ያ ወረፋ ነው። ወረፋው ለምን እንደሚፈጠር የሚገባን ደግሞ ኩዊልት እንዴት እንደሚሠራ ስናይ ነው።

ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ላዩ ከብዙ ቁርጥራጭ ጨርቅ በቅርጽና በቀለም ተገጣጥሞ የተሰፋ ፊት ነው። መሀሉ ከጥጥ፣ ከሱፍ ወይም ከፖሊስተር የተዘጋጀ፣ ባዘቶ የመሰለ ንጣፍ ነው። ታቹ ገበር ነው። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ስፌት ካልገባባቸው መሀል ያለው ጥጥ በእጥበት ይሸሻል፤ አንድ ጥግ ላይ ይጓጉልና ሌላው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ፊቱን ሰፍቶ የጨረሰ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢለፋበት፣ በእጁ ያለው ገና ብርድ የማይከላከል ጨርቅ ነው። የቀረው ሥራ ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ሦስቱን ድርብ መስፋት ነው።

ድሮ ይህ ሥራ በእጅ ይሠራ ነበር። ጨርቁ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠርና የሰፈር ሴቶች እንደ ደቦ ተጠራርተው ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰፉታል። የልብስ ስፌት መኪና በየቤቱ ከገባ በኋላ የፊቱ ሥራ ፈጠነ፤ የመጨረሱ ሥራ ግን ባለበት ቀረ። ምክንያቱም በተለመደው መኪና ላይ መኪናው ቆሞ ሰፊው ጨርቁን ይገፋል። ለቀሚስና ለሱሪ ይህ ይበቃል። ወርዱም ቁመቱም ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ ውስጡ ጥጥ ያለበት ጨርቅ ግን በመርፌውና በመኪናው ግንድ መካከል ባለችው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተጠቅልሎ ማለፍ አለበት። ትከሻ ያዝላል፤ ጨርቁም በክብደቱ እየጎተተ ስፌቱን ያዛባል። በቤት መኪና ድንቅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎች ግን ፊቱን ሰፍተው መደርደሪያ ላይ ይከምሩታል። ሳጥን ሙሉ ያልተጨረሰ ፊት ትታ ያለፈች አያት በአሜሪካ ብርቅ አይደለችም።

ሎንግአርም የሚባለው መኪና ነገሩን ገለበጠው። ሦስቱ ድርብ ብዙ ጊዜ ከሦስት ሜትር በላይ በሚረዝም የብረት ፍሬም ላይ በዘንጎች ተጠቅልለውና ተወጥረው ይቀመጣሉ፤ የሚንቀሳቀሰው መኪናው ነው። በጎማዎች ላይ ሆኖ በሐዲድ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ይንሸራተታል። ሰፊዋ ቆማ በሁለት እጀታ ይዛ ትመራዋለች። ክንዱ ረጅም ነው፤ በመርፌውና በግንዱ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ሞዴሉ ከ45 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ክንዱ የሚደርስበትን መደዳ ሰፍታ ስትጨርስ ዘንጉን አሽከርክራ ያልተሰፋውን ታመጣለች፤ እስከ ኩዊልቱ ግርጌ እንዲህ ትቀጥላለች። በዚያው በሚዙሪ፣ ዌስት ፕሌንስ በምትባል ከተማ፣ ጋሚል የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ መኪናውን እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በአዮዋና በዩታም ሌሎች አምራቾች ተከተሉ።

እኔ ከሁሉም በላይ ትልቅ ለውጥ ነው የምለው ግን ኋላ የመጣውን የስፌት መጣኝ ነው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ሞተሩ በአንድ ፍጥነት ይሽከረከር ስለነበር የስፌቱን ርዝመት የሚወስነው የሰፊዋ እጅ ነበር፤ ዝግ ስትል ስፌቱ ይደቃል፣ ስትፈጥን ይረዝማል። መጣኙ በጎማዎቹ ላይ በተገጠሙ ሴንሰሮች መኪናው ምን ያህል እንደተጓዘ እየለካ መርፌውን በዚያው ልክ ያወጣል፣ ያወርዳል። በአንድ ኢንች 10 ወይም 11 ስፌት ተብሎ ከተሞላ እጅ ቢፈጥንም ቢዘገይም ስፌቱ እኩል ይወጣል። ለዓመታት ልምምድ ይጠይቅ የነበረው እኩልነት ለጀማሪም ቀረበ። ጀማሪዋ አሁን አእምሮዋን ለመስመሩ መስጠት ትችላለች።

መማር የሚጀምረው ግን ከመስመር ሳይሆን ከመወጠር ነው፤ አብዛኛው ስህተትም የሚፈጠረው እዚሁ ነው። ገበሩ ከፊቱ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል መትረፍ አለበት፤ አለበለዚያ ዘንጉ ላይ የሚያያዝበትም፣ በጎን የሚቆነጠጥበትም ቦታ አይኖረውም። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ በተጠቀለለ ቁጥር ወደ አንድ ወገን እየተንሻፈፈ ይሄዳል። ገበሩ በዘንጉ ላይ ካለው ሸራ ጋር በእስፒል ይያያዛል፤ ባዘቶው ይነጠፍበታል፤ ፊቱ ከላይ ይደረግና ጠርዙ ይወሰወሳል። ጀማሪ ሁሉ እንደ ከበሮ መወጠር ያለበት ይመስለዋል። ሲበዛ የተወጠረ ጨርቅ ግን መርፌውን ያጎብጣል፣ ስፌት ያስዘልላል፣ ክር ይበጥሳል፤ ከፍሬሙ ሲወርድም ይጨማደዳል። ልከኛው ውጥር ከታች በጣት ሲገፉት እሺ ብሎ ከላይ በሌላው እጅ ለመያዝ የሚያስችል ነው።

ቀጥሎ የክሩ ውጥር ይመጣል። የላይኛው ክርና በቦቢን ያለው የታችኛው ክር መቋጠር ያለባቸው በድርቦቹ መሀል ነው። አንዱ ከበረታ ሌላውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። በተለይ ኩርባ ላይ እጅ ሲፈጥን በጀርባው የሽፋሽፍት ዓይነት ትናንሽ የክር ጭራዎች ይሰለፋሉ፤ ከላይ የቆመችው ሰፊ ደግሞ ጀርባውን አታየውም። በዚህ ምክንያት ጠንቃቆቹ መጀመሪያ ከኩዊልቱ ውጭ በተረፈው ዳር ላይ ይሞክራሉ፤ እየሰፉም ከፍሬሙ ሥር እጅ ሰደው ይዳስሳሉ፣ በባትሪ መብራት ያያሉ። ቦቢን በቀየሩ ቁጥር ብናኙን ይጠርጋሉ፣ ዘይት ይቀባሉ። በደቂቃ ከ2,000 በላይ ስፌት የሚሰፋ መኪና ንጽሕናው ችላ ሲባል አይታገሥም።

መስመሩን ለመምራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከመኪናው ጀርባ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተሳለበት ወረቀት ዘርግቶ፣ መኪናው ላይ በተገጠመች የሌዘር ነጥብ ሥዕሉን መከተል ነው፤ ፓንቶግራፍ ይባላል። ስትሰፋ ዓይኗ በወረቀቱ ላይ እንጂ በጨርቁ ላይ አይደለም። ሁለተኛው ከፊት ቆሞ ያለ ወረቀት፣ በነፃ እጅ መስፋት ነው። ለቀጥታና ለቅስት መስመር ከወፍራም ፕላስቲክ የተቆረጠ ማስመሪያ በመኪናው እግር ጎን ይደገፋል። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር መኪናውን ራሱ እየነዳ ሥዕሉን ይሰፋዋል። ያም ሆኖ ጨርቁን የሚወጥረው፣ ሥዕሉን የሚመርጠው፣ ክሩ ሲበጠስ ከስንት ስፌት በፊት መመለስ እንዳለበት የሚወስነው ሰው ነው። ለጀማሪ የምመክረው ነፃውን መንገድ ነው። በመጀመሪያ የሚሰፋው ራሱን ሳያቋርጥ እየተጠማዘዘ ቦታውን የሚሞላ አንድ መስመር ነው። ከዚያ በፊት ግን በወረቀት ወይም በነጭ ሰሌዳ ላይ፣ እጅ ሳያነሱ፣ ደግሞ ደጋግሞ መሳል ይገባል። መስመሩ ወዴት እንደሚታጠፍ ሰውነት ካላወቀው መኪናው ሰፊዋን ከጥግ ጋር ያጋጫታል።

መኪናው ውድ ነው። ትንሹ በብዙ ሺህ፣ ኮምፒውተር ያለው ትልቁ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ ቦታውም አንድ ክፍል ይሞላል። መልካሙ ነገር በአሜሪካ ብዙ የኩዊልት ሱቆች ትምህርት ሰጥተው በሰዓት ወይም በቀን ማከራየታቸው ነው። የራሷን ኩዊልት ብቻ መጨረስ የምትፈልግ ሴት ክፍል ማስለቀቅም ዕዳ መግባትም የለባትም።

ለራስ ሲሰፋ ጥፋቱም ውበቱም የራስ ነው። ለሌላ ሰው መስፋት ሌላ ትምህርት ነው። የሰው ፊት በፍሬም ላይ ሲወጣ ያልታየው ሁሉ ይታያል። ዙሪያውን የሚከበው ክፈፍ መሀሉ ሳይለካ ተቆርጦ ከሆነ ይረዝምና ይሞገዳል። ብዙ ደንበኞች ስፌቱ ሲገባበት ይስተካከላል ብለው ያምናሉ፤ ስፌት ግን የተረፈ ጨርቅ አያጠፋም፣ ወይ ያጥፈዋል ወይ ያጉረዋል። ጥሩ ባለሙያ ከመወጠሯ በፊት ከደንበኛዋ ጋር በጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታየዋለች፣ ትለካለች፣ የሚፈታ ካለ ይፈታል። በሞተ ልጅ ቲሸርቶች የተሠራ ኩዊልት ይመጣል፤ ቲሸርት ስለሚለጠጥ ከጀርባው ማጠንከሪያ ካልተለጠፈበት በመኪናው እግር ፊት ይገፋል። ከ1930ዎቹ የድህነት ዘመን፣ አበባ ከታተመባቸው የዱቄት ከረጢቶች የተገጣጠመ የአያት ፊትም ይመጣል፤ ጨርቁ ሳስቷል፣ የእጅ ስፌቱ ላልቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፊት የተራራቀና ቀላል መስመር፣ ዝግ ያለም እጅ ይሻለዋል።

ከባዱ ውሳኔ ምን ያህል መስፋት የሚለው ይመስለኛል። ስፌት ሲበዛ ኩዊልቱ ይደርቃል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ያምራል፣ ለሕፃን መጠቅለያ ግን አይሆንም። ሲያንስ ባዘቶው ይሸሻል፤ መስመሮቹ እስከ ስንት ሳንቲ ሜትር ሊራራቁ እንደሚችሉ አምራቹ ማሸጊያው ላይ ይጽፋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፊቱ ራሱ አለ። ብዙ ቀለምና ብዙ ቅርጽ ያለው ፊት ላይ የረቀቀ የላባ ሥዕል ቢሰፋ አይታይም፤ ሰፋ ያለ ባዶ ጨርቅ ባለበት ደግሞ ያው ላባ ነፍስ ይዘራል። እዚህ ላይ ባለሙያዋ የምትችለውን ሁሉ ለማሳየት ከፈለገች የሌላዋን ሥራ ትሸፍነዋለች።

ሒሳቡ በአብዛኛው የሚሰላው በካሬ ኢንች ነው። ወርዱ 60 ቁመቱ 80 ኢንች የሆነ ኩዊልት 4,800 ካሬ ኢንች ነው፤ በካሬ ኢንች 2 ሳንቲም ቢታሰብ 96 ዶላር ይመጣል። በየቅርጹ የተለያየ ሥራ የሚሠራበት ግን ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ዋጋው በዛ የሚሉ አሉ። መወጠሩን፣ መፈተሹን፣ ክሩን፣ ጥገናውን፣ በቁም የሚያልፈውን ሰዓት ላሰበ ግን የቀላሉ ስፌት ዋጋ ርካሽ ነው እላለሁ።

በመኪና የተሰፋ ኩዊልት ኩዊልት አይደለም የሚል ክርክር ለረጅም ጊዜ ነበር። በ1989 በኬንታኪ ግዛት ፓዱካ በተካሄደው ታላቅ ዓመታዊ ትርኢት የካሪል ብራየር ፋለርት «ኮሮና 2፦ የፀሐይ ግርዶሽ» በመኪና ተሰፍቶ የትርኢቱን ታላቅ ሽልማት ሲወስድ ብዙዎች ተቆጡ። ያ ሥራ በሎንግአርም አልተሰፋም፤ በር የከፈተው ግን ለሁሉም መኪና ነው። እኔ ከፋለርት ወገን ነኝ። መርፌውን ሞተር ቢያወጣው ቢያወርደውም መስመሩን የሚስለው ያው የሰው ክንድ ነው።

ከሁሉም የሚማርከኝ ያለ ክፍያ የሚሠራው ነው። በ2003 ልጃቸው ኢራቅ የዘመተባቸው ካትሪን ሮበርትስ «ኩዊልትስ ኦቭ ቫለር» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ጦርነት ለነካቸው ወታደሮች ኩዊልት ይሰጣል። አንዷ ፊቱን ትሰፋለች፣ ሎንግአርም ያላት ሌላ ፈቃደኛ ትጨርሰዋለች። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

ኩዊልቱ ከፍሬሙ ሲወርድ ትርፉ ይቆረጣል፤ ዙሪያውም በቀጭን ጨርቅ ይከፈፋል። ከጀርባው ጥግ ላይ የሠሪዋ ስምና ዓመቱ የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ትልልቅ ትርኢቶች ሁለት ሰው ለሠራው ኩዊልት የተለየ ዘርፍ ከፍተው የሁለቱንም ስም ይጠራሉ። በየቤቱ የሚሰፋው ግን ዛሬም ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የአንዷን ስም ብቻ ነው። በሙዚየሞች «ሠሪዋ ያልታወቀች» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው አሮጌ ኩዊልቶች ብዙ ናቸው፤ ያስቆጫል። ፊቱን የሰፋችው ስሟን ስትጽፍ፣ ከሥሩ የጨረሰችውንም ትጻፍ።