ኳስ ወዳዱ ሕዝብና ያልተጣራ ወሬ

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ስለ እግር ኳስ የተነገረ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዛሬው ዘመን ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ቢፈለግ፥ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰበው የኳስ ወዳጅ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሰው ቡድኑ ቢሸነፍ ያዝናል፤ አዝኖም ይተኛል፤ በማግሥቱም ወደ ሥራው ይሄዳል። ያልሆነው ነገር ሆነ ተብሎ ሲነገረው ግን ኀዘኑ ወደ ቁጣ ይለወጣል። መሸነፍ የጨዋታ ጠባይ ነው፤ መታለል ግን የጨዋታ ጠባይ አይደለምና።

ይህን ነገር በቅርብ ለመመልከት ሄሉ ጥሩ ቦታ ናት። ሄሉ በኬንያ ግዛት፥ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ባለችው ሞያሌ የምትገኝ ሠፈር ናት። ሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ለሁለት የከፈላት፥ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድም የሚያልፍባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ነዋሪዎችዋ ኦሮምኛውንም፥ ሶማልኛውንም፥ ስዋሂሊውንም፥ አማርኛውንም እየሰሙ ያድጋሉ። ስለዚህ በዚያ በዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ሰው አንዱን የኳስ ወሬ ከሦስት አፍ ይሰማዋል፤ ከአዲስ አበባ በአማርኛ፥ ከናይሮቢ በስዋሂሊ፥ ከለንደን በእንግሊዝኛ። ሦስቱ የተስማሙ እንደ ሆነ ጨዋታውን በሰላም ይጠብቃል፤ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ግን ክርክሩ ከጨዋታው አስቀድሞ ይጀመራል።

ከሁሉ ቀላል ከሚመስለው ስሕተት እንጀምር፤ ይኸውም የሰዓት ነገር ነው። አማርኛም ስዋሂሊም ሰዓትን የሚቆጥሩት ከንጋትና ከምሽት ተነሥተው ነው። ስለዚህ እኛ «ከምሽቱ አራት ሰዓት» የምንለውን የስዋሂሊ ተናጋሪውም «ሳ ንኔ» ይለዋል፤ ትርጓሜውም ያው አራት ሰዓት ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ሰዓት ዐሥር ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ላይ የእንግሊዝ አገር ሰዓት በማርች ወር የመጨረሻ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ተገፍቶ፥ በኦክቶበር ወር የመጨረሻ እሑድ ወደ ቦታው ይመለሳል። የኢትዮጵያና የኬንያ ሰዓት ግን ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። እንግዲህ ለንደን ላይ በእነርሱ አቈጣጠር ማታ በስምንት ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ፥ በሞያሌ አንድ ጊዜ ከምሽቱ በአራት ሰዓት፥ አንድ ጊዜም በአምስት ሰዓት ይታያል ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ የሚናገር የራዲዮ ነጋሪ አድማጩን ወይ አንድ ሰዓት ያስቀድመዋል፥ ወይ የጨዋታውን እኩሌታ ያሳጣዋል። ጥፋቱ ትንሽ ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ከጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሲያወርድ ውሎ ከእንቅልፉ ቀንሶ ለመጣ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት የግሥ ስሕተት ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን «ፈረመ»፥ «ሊፈርም ነው» እና «ሳይፈርም አይቀርም» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ብዙ ደክመው ይሆናል። ድካማቸውም ከንቱ አይደለም። በመሥሪያ ቤት «ደመወዝ ተጨመረ» እና «ደመወዝ ሊጨመር ነው» አንድ ነው ብሎ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያጠፋ ሠራተኛ ቢኖር ወሩ ሲያልቅ ልዩነቱን ይማረዋል። የስፖርት ወሬ ግን ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። የውጭ አገር ጋዜጣ «ሊሆን ይችላል» ብሎ በጥርጣሬ የጻፈው ወሬ ሲተረጐም «ሊሆን ነው» ይሆናል፤ በርእስ ላይ ሲወጣ ደግሞ «ሆነ» ይባላል። ወሬውም በሦስት እርምጃ ከግምት ወደ እውነት ተሻገረ ማለት ነው።

የዳቪድ ዴ ሄያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በነሐሴ ወር 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ይህ የማንቸስተር ዩናይትድ ግብ ጠባቂ ወደ ሪያል ማድሪድ እንደሚሄድ ተወራ፤ በመጨረሻውም ቀን ሁለቱ ክለቦች ተስማሙ። የዩናይትድ ደጋፊ እንዳዘነ፥ የማድሪድ ደጋፊም እንደ ተደሰተ አደሩ። ይሁን እንጂ አስፈላጊው ወረቀት የስፔን የዝውውር ጊዜ ከሚዘጋበት ከእኩለ ሌሊት በፊት በጊዜው ስላልደረሰ፥ ዝውውሩ ሳይፈጸም ቀረ። ግብ ጠባቂውም ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከዩናይትድ ጋር አዲስ ውል ፈረመ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ድረስም በዚያው ቆየ። በዚያች ሌሊት «ሊሄድ ነው» ያለ ነጋሪ እውነት ተናግሯል፤ «ሄደ» ያለው ግን ደጋፊውን አሳስቷል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ስሕተት ሳይቆጥሩ መናገር ነው። ይህም በራሳችን ብሔራዊ ቡድን ላይ ደርሶ አይተነዋል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2013) የኢትዮጵያ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በሚደረገው ውድድር በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጀመሪያ በርናርድ ፓርከር ለደቡብ አፍሪካ ቢያገባም፥ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ቈይቶም ያው ፓርከር ኳሲቱን በገዛ ቡድኑ ግብ ውስጥ አስገባት። ቡድናችን 13 ነጥብ ሲይዝ ደቡብ አፍሪካ የነበራት 8 ብቻ ስለ ሆነ፥ አንድ ጨዋታ ሲቀር የምድቡ አንደኛነት ተረጋገጠ ተባለ። ሕዝቡም በደስታ ወደ አደባባይ ወጣ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ ወሬው ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት ሲዞር እያደገ ሄዶ «ብራዚል ገባን» እስከ ማለት ደረሰ። ነገር ግን የምድብ አንደኛነት፥ ዐሥር ቡድኖች ሁለት ሁለት ሆነው ወደሚገናኙበት የመጨረሻ ማጣሪያ የሚያደርስ እንጂ በቀጥታ ብራዚል የሚያስገባ አልነበረም።

በዚያው ቀን ደግሞ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፥ ፊፋ፥ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ምንያህል ተሾመ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር፥ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ከቦትስዋና ጋር በተደረጉት ጨዋታዎች ላይ አንዳንድ ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። በደንቡ መሠረት ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለውን ጨዋታ መሰለፍ አይገባውም። እርሱ ግን ሰኔ 1 ቀን በቦትስዋና ምድር በተደረገው ጨዋታ ተሰልፎ፥ ቡድኑም 2 ለ 1 አሸንፎ ተመለሰ። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ፤ ፊፋም ውጤቱን ሽሮ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ፈረደ። የቡድናችን 13 ነጥብ ወደ 10 ወረደ፤ «ተረጋገጠ» የተባለውም ነገር እንደገና ክፍት ሆነ።

ሁለት ቢጫ ካርድ ለመቁጠር ታላቅ ሊቅነት አያስፈልግም። ካርዶቹ የወጡት በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ እያየ ነው። በመጀመሪያ መቁጠር የነበረበት ቡድኑን የሚያስተዳድረው ክፍል መሆኑ የማይካድ ነው። ነገር ግን የስፖርት ወሬ ማቅረብን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ሁሉ መዝገቡን ገልጦ ማየት ይችል ነበር። ነገሩ ወደ ሕዝቡ ጆሮ የደረሰው ደስታው ከፈነዳ በኋላ ነው።

በሄሉ የሚኖር አንድ ሰው የዚያን ምሽት ነገር አጫውቶኛል። በዚያን ጊዜ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ወጣት ነው። ወሰኑን ተሻግሮ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ሕዝብ ጋር ሲጨፍር አምሽቶ ሲመለስ፥ አብሮ አደግ የሆነው የኬንያ ቦረና በእንግሊዝኛ የሰማውን ነገረው።

«ወንድሜ፥ ደስታህን ልነሣህ አይደለም፤ ነገር ግን ፊፋ ምርመራ ከፍቷል ይላሉና ነገሩ ገና አላለቀም» አለው።

«የናንተ ቡድን ስለ ወደቀ ቀንተህ ነው!» ብሎ መለሰለት። እውነትም የኬንያ ቡድን በዚያን ጊዜ ከውድድሩ ወጥቶ ነበር። ቃል ቃልን እየወለደ ሄደና ሁለቱ ባልንጀሮች ተኳረፉ፤ ሁለት ሳምንት ያህልም በአንድ መንገድ እየተላለፉ ሰላምታ ሳይሰጣጡ ቈዩ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፥ ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ወጣቱ አፍሮ ወደ ባልንጀራው ቤት ሄደ። «ወሬውን የፈጠርኸው አንተ መስሎኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አለው። ባልንጀራውም «እኔ የሰማሁትን ነው የነገርሁህ፤ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ግባና ሻይ ጠጣ» አለው። በዚያው ሰዓት ታረቁ።

ቡድናችን ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. በብራዛቪል የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ማጣሪያውን በሜዳ ላይ አገኘ። በመጨረሻው ማጣሪያ ግን በናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 1፥ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ተሸነፈ። «ሁለቱንም ጨዋታ አብረን አየን» አለኝ ሰውዬው፤ «መሸነፋችን አሳዝኖኛል፤ ያናደደኝ ግን የሰኔው ነው»።

በጥንቃቄ የተነገረ ዜና ደግሞ ባላንጣዎችን እንኳ ያስማማል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፥ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሴኮንድ ገቡ። «የኛ ሰው አሸነፈ» ብሎ ዝም ማለት ከወሰኑ በዚህ ማዶ ያለውን ብቻ ያስደስታል። ልዩነቱ ከመቶ ዘጠኝ የሴኮንድ ክፍል መሆኑን መናገር ግን ለአሸናፊው ክብሩን ሳይቀንስ ለተሸናፊውም ክብር ይሰጣል።

እንግዲህ ከወሬ አቅራቢዎች የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ያልተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ አድርገው አይናገሩ፤ ወሬውን ከየት እንዳገኙት ይግለጡ፤ ከተሳሳቱም ስሕተቱ በወጣበት ገጽ፥ በተነገረበት ሰዓት ያርሙ። ሰሚውም በበኩሉ «ማን አለ? መቼ አለ? ሆነ ነው ወይስ ሊሆን ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። በወሰን ከተማ ያልተጣራ ወሬ የሚያጣላው የኳስ ደጋፊን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት፥ ጎሣን ከጎሣ ሊያጣላ ይችላል። በኳስ ወሬ መጠየቅን የለመደ ሰው በሌላውም ወሬ ይጠይቃል።

የሄሉው ሰው ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ይዟል። ብሔራዊ ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር ቢጫ ያየውን ተጫዋች ስምና ቀኑን ይጽፍበታል። በዲኤስቲቪ ቤት ክርክር ሲነሣ ባልንጀራው «ደብተሩን አምጣው» ይለዋል፤ ደብተሩም ሲገለጥ ክርክሩ ያበቃል።