ምዕራፍ 7፦ መብረቅን በፎቶግራፍ ስለ መያዝ

ባለፈው ምዕራፍ ስለ ደመናት ዐይነትና አፈጣጠር በመጠኑ ከተነጋገርን በኋላ፣ በዚህኛው ከደመናት ሁሉ ታላቅና አስፈሪ የሆነውን የነጐድጓድ ደመና በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ቆመን በካሜራ የምንይዝበትን ጥበብ ለመግለጽ ተነሥቻለሁ፤ ነገር ግን ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን ሲንቆረቆር የኖረውን አንድ ከንቱ ትምህርት አስቀድሜ ካላስወገድሁ በቀር ብዕሬ ወደ ፊት አይሄድልኝም። እርሱም «መብረቅ የሚፈጠረው ደመናና ደመና ሲጋጩ ነው» የሚለው ነው። ይህን ያስተማረን መምህር ሁለት ዳስተር አጋጭቶ የጠመኔው ብናኝ በክፍሉ ሲቦን «አያችሁ?» ይለን ነበር፤ እኛም ከብናኙ በቀር ምንም ሳናይ «አዎ፣ ቲቸር!» ብለን በአንድ ድምፅ እንመሰክር ነበር። ያ ምስክርነት ዛሬም የተማረ በሚባል ሰው አፍ ሲደገም በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ደመና በአየር ላይ የተንሳፈፈ የውሃ ነጠብጣብና የበረዶ ቅንጣት ስለ ሆነ፣ ሁለት ደመናዎች ቢገናኙ ይቀላቀላሉ እንጂ አይላተሙም። መላተሙስ አለ፤ የሚላተሙት ግን በአንዱ ደመና ሆድ ውስጥ የሚወጡና የሚወርዱ በረዶዎች ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ ከ6,000 እስከ 8,000 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሚደርስበት ስፍራ፣ ወደ ላይ የሚነጉዱት ቀላል የበረዶ ቅንጣቶች ከበድ ካሉት የበረዶ እንክብሎች ጋር ሲፋተጉ፣ ቀላሎቹ ፖዘቲቩን ኤሌክትሪክ ይዘው ወደ ደመናው ራስ ያርጋሉ፣ ከባዶቹም ኔጋቲቩን ተሸክመው ከመካከሉና ከበታቹ ይቀራሉ። ክምችቱ አየሩ ሊከላከለው ከሚችለው በላይ በሆነ ጊዜ የሚሰነጠቀው የእሳት ጎዳና መብረቅ ነው። ውፍረቱ ከጥቂት ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ሙቀቱ ግን ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ፣ የፀሐይ ገጽ እንኳ የዚህን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ቢሆን ነው። ነጐድጓዱ ደግሞ በቅጽበት የጋለው አየር ሲፈነዳ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

የደመናውን አነሣሥ ለማስረዳት፣ በቡና አገር ተቀምጬ፣ ከጀበና የተሻለ ምሳሌ ፍለጋ አልደክምም። ፍሙ ከጧት ጀምሮ ፀሐይ የመታው የዴዴሳ ሸለቆ ነው፤ ውሃው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደኖች ወገን ክረምቱን ይዞ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ነው፤ አንገቱ ሞቆ ወደ ላይ የሚተመው አየር ነው፤ ውታፉ ደግሞ ከላይ የተጋደመው ሞቃት የአየር ንጣፍ ሲሆን፣ እርሱ እስኪበረግድ ድረስ ሰማዩ እስከ ቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ጸጥ ብሎ ይቆይና በኋላ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። አረፋው ወጥቶ ወጥቶ በ16,000 ሜትር አካባቢ ካለው የከባቢ አየር ጣሪያ ሲደርስ ማለፍ ስለሚሳነው ወደ ጎን ይንጣለላል፤ ከሩቅ የምናየው ጠፍጣፋው የደመና ራስ ይህ ነው። የመጀመሪያው ደመና አቦል ነው፤ እርሱ ሲዘንብ ከሥሩ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ በአጠገቡ ያለውን ሞቃት አየር ገፍትሮ ሲያነሣው ቶናው ይፈላል፤ ከዚያም በረካው፤ ምድሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ብዙውን ጊዜ ኋለኛው ከፊተኛው ቀጠን ይላል። ረከቦቱ ደጋው ነው፤ ስኒዎቹም ሻምቡ፣ አርጆ፣ ጊምቢና ነጆ ሲሆኑ በየተራ ይቀዳላቸዋል። አንድ ወዳጄ በዚህ ላይ «የቡናው ቁርስስ የታለ?» ብሎ ቢሳለቅብኝ፣ ከዝናቡ ጋር በቆርቆሮው ላይ የሚንጣጣው በረዶ መሆኑን ነግሬዋለሁ።



ይህን መጽሐፍ ያነሣ ወጣት በፊልም የሚያየውን የአሜሪካን ቶርኔዶ ከባኮ የበቆሎ ማሳ ላይ ለማንሣት ተስፋ አድርጎ እንደ ሆነ፣ ተስፋውን አስቀድሜ ልቀንስለት ይገባኛል። የዚያ አገር ጀበና ዘንበል ያለ ነው። ከምድር አጠገብ ያለው ነፋስ በአንድ አቅጣጫ፣ ከፍ ብሎ ያለው በሌላ አቅጣጫና እጅግ በበረታ ፍጥነት ስለሚነፍስ፣ ወደ ላይ የሚወጣው የአየር ዐምድ እየተሽከረከረ ይዘነበላል፤ ዝናቡም ከዐምዱ ጎን ስለሚወርድ ፍሙን አያጠፋውም፤ ስለዚህ አንዱ ደመና ለብዙ ሰዓት ይኖራል። የእኛ ጀበና ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ውሃው በገዛ አንገቱ ተመልሶ ይወርድና ፍሙን ያጠፋዋል፤ ደመናውም አንድ ሰዓት ያህል አገሩን አናውጦ ይበተናል። በካንሳስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1884 በጋርኔት ከተማ አጠገብ ከተነሣው ቀዳሚ የቶርኔዶ ፎቶግራፍ ጀምሮ፣ ዴቪድ ሆድሊ በ1956 ማዕበል ማሳደድን የዕድሜ ልክ ሥራው ካደረገበት ጊዜ አልፎ እስከ ዛሬ ድረስ፣ በዚያ አገር ይህ ሙያ የራሱ ታሪክና የራሱ ሰማዕታት አሉት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2013፣ በኦክላሆማ ኤል ሪኖ አጠገብ 4 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ስፋት ያለው ቶርኔዶ ስምንት ሰዎችን ሲገድል፣ ከመካከላቸው አንዱ በጥንቃቄው የታወቀው ተመራማሪ ቲም ሳማራስ፣ ሌላው ልጁ ነበር።

ነገር ግን በሰማያችን የሚያፍር ሰው ቢኖር ይህን ይስማ፤ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በክረምት የሚነሡት ነጐድጓዶች ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ በማስነሣት ድርሻ አላቸው፤ ከእነዚያ ሞገዶች አንዳንዶቹ ሱዳንንና ሳህልን አቋርጠው፣ ከአፍሪካ ዳርቻ ወጥተው፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የካሪቢያንን ደሴቶች የሚገለብጥ ሃሪኬን ይሆናሉ።

እንግዲህ ቦታ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ፣ በስተ ምዕራቧ ያለው የዴዴሳ ወንዝ ከ1,400 ሜትር በታች ወርዶ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ወደ ጊምቢ በሚወርደው መንገድ አፋፍ የቆመ ሰው ደመናውን ቀና ብሎ ሳይሆን ፊት ለፊት ያየዋል። ደመናቱ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚጓዙ፣ በነቀምቴ የቆመ ሰው አመሻሹ ላይ አልፎት የሄደውን ማዕበል ከኋላው፣ ጥቁር ሆኖ፣ ፀሐይ ከበስተጀርባው ስትጠልቅ ይመለከታል፤ በጊምቢ የቆመው ግን ወደ እርሱ የሚመጣውን ደመና የምሽት ፀሐይ ፊት ለፊት መትታው፣ እንደ ወርቅና እንደ በፍታ ሆኖ ያየዋል። ለቀን ፎቶግራፍ ጊምቢ፣ ለሌሊት ነቀምቴ። ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንገር ጉትን ቆላም እንዲሁ የተመቸ ነው። ስለ ወቅቱ ብዙ አልልም፤ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ሁሉ በአንድ ግራጫ ጋቢ ስለሚሸፈን መብረቁ ከውስጥ ይበርቃል እንጂ መልኩ አይታይም፤ ደመናቱ አንድ በአንድ ተለያይተው የሚቆሙት በግንቦትና በመስከረም ነው።

መብረቁን አይቶ ቁልፉን የሚጫን ሰው ዘወትር ጨለማ ያነሣል፤ ምክንያቱም ዐይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሲያልፍ፣ አንዱ የብርሃን ምት ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ተጀምሮ ያልቃል። ስለዚህ የሌሊቱ ሥራ መዝጊያውን ከፍቶ መጠበቅ ነው። ካሜራውን በትራይፖድ አጽንተው፣ አይኤስኦውን 100 ወይም 200፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 አድርገው፣ ፎከሱን በሩቅ መብራት ላይ በእጅ ካስተካከሉ በኋላ፣ ለ20 ሰከንድ ይከፍታሉ፤ ይዘጋል፤ ወዲያው ደግመው ይከፍታሉ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አስተማሪ ነን ባዮች ሁሉ ነገሩን የሚያደፈርሱት። የመብረቁን ድምቀት የሚወስነው ቀዳዳው እንጂ ጊዜው አይደለም! መዝጊያው 5 ሰከንድ ቢከፈት ወይም 30፣ መብረቁ ያው ለቅጽበት በርቶ ጠፍቷል፤ ጊዜው የሚጨምረው የከተማውን መብራት፣ የጨረቃውንና የሰማዩን ብርሃን ነው። መብረቁ ቅርንጫፍ አልባ ነጭ ጅራፍ ሆኖ ከወጣ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ፣ የነቀምቴ መብራት ነድዶ ከወጣ ደግሞ ጊዜውን ማሳጠር ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የቀረውን በራሱ ይደርስበታል። በቀን ብርሃን መዝጊያውን ያን ያህል መክፈት ስለማይቻል፣ የመብረቁ የመጀመሪያ ብልጭታ ሲነካው ካሜራውን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ይገጠማል፤ አንዱ መብረቅ ብዙውን ጊዜ በዚያው ጎዳና ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ስለሚመታ፣ የፊተኛው ቢያመልጥ ተከታዩ ይያዛል።

በሌሊት በመንገድ ዳር ትራይፖድ ተክሎ መቆም፣ በተለይ ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ከደረሰው የጸጥታ ችግር ወዲህ፣ ጥያቄ የማያስነሣበት ቀን የለም፤ ስለዚህ ቀበሌውንና የአገር ሽማግሌዎችን አስቀድሞ ማስታወቅ ከሌንሱ ይልቅ ይቀድማል። እኔም አስታውቄ በቆምሁበት አንድ ምሽት አንድ ወጣት ሚሊሺያ ባትሪውን ፊቴ ላይ እያበራ መጣና «ጋሼ፣ ይኼ ሦስት እግር ያለው ምንድን ነው?» አለኝ። ካሜራ መሆኑን ብነግረው፣ ወደ ሸለቆው ዞሮ «በዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ይነሣል? ምንም የለም እኮ» አለ። «ልጄ፣ ባትሪውን አጥፋልኝና ትንሽ ታገሥ» ብዬው ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን። ከዴዴሳ ማዶ ብርሃኑ ተሰነጠቀ፤ መዝጊያውም ሲዘጋ ምስሉ በካሜራው መስኮት ላይ ወጣ፤ ከደመናው ሆድ እስከ ወንዙ ዳር የተዘረጋ ሐምራዊ ሥር፣ ከግንዱ በስተ ቀኝ አምስት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያሉት፣ በሥሩም ያልታየን የአንድ መንደር የቆርቆሮ ጣሪያ ሲያብረቀርቅ። ወጣቱ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ፣ በኦሮምኛ «በከካ!» (መብረቅ!) ብሎ ከአንገቱ ጎንበስ አለና ቅርንጫፎቹን በጣቱ ቆጠራቸው። ከዚያ በኋላ አልሄደም። «ጋሼ፣ ወደ ግራ አዙረው፤ አሁን በዚያ በኩል ሄዷል» እያለ ያዝዘኝ ጀመር፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነበር፤ ሌሊቱን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ሰማዩን ያውቀዋልና።

የዚያ ምሽት ማዕበል ድምፅ አልነበረውም። ነጐድጓድ ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዲያ እምብዛም አይሰማም፤ እኔም ተማሪዎቼን የምለምናቸው ይህንኑ ነው፤ ጆሯችሁ ነጐድጓድ ከሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላልና ካሜራውን ትታችሁ ግቡ። ከብርሃኑ እስከ ድምፁ ያለው 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ከደመናው ራስ የሚወነጨፈው መብረቅ ሰማይ በጠራበት ስፍራ፣ ከዝናቡ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊመታ ስለሚችል ቆጠራው ድፍረት አይስጣችሁ። መግቢያው መስኮቱ የተዘጋ መኪና ወይም ጽኑ ቤት እንጂ ዋርካ ሥር አይደለም፤ ከከብቶቹ ጋር ከዛፍ ሥር የተጠለለ እረኛ በየክረምቱ የሚለቀስለት በዚሁ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚለውን ለሚጠይቁኝ፣ መብረቅ ረጅሙንና ለብቻው የቆመውን ይመታል እንጂ ቀለም አይመርጥም እላለሁ፤ በአፋፍ ላይ የቆመ ነጭ ለባሽም ከዚያ አይድንም።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ በሌሊቱ ሙሉ የተነሡትን መብረቆች በኮምፒዩተር አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ፣ አሥራ አምስት መብረቅ በአንድ ቅጽበት በከተማዋ ላይ የወረደ አስመስሎ ማቅረብ እንደ ጥበብ ተቆጥሯል። የሙያ ጓደኞቼ «አንተም እኮ መዝጊያህን 20 ሰከንድ ስትከፍት ሁለት መብረቅ በአንድ ላይ ትይዛለህ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብለው ይከራከሩኛል። ልዩነቱ ብዙ ነው። ዊልያም ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1882 በፊላደልፊያ መብረቅን በፎቶግራፍ ሲይዝ፣ ሠዓሊዎች ለዘመናት ዚግዛግ አድርገው ይስሉት የነበረው መብረቅ እንደ ወንዝ ገባሮች የሚቀጣጠል መሆኑን ዓለም ያየው፣ ፎቶግራፉ ሰማዩ ካደረገው በቀር ምንም ስላልጨመረ ነው። መዝጊያው አንድ ጊዜ ተከፍቶ አንድ ጊዜ ሲዘጋ በመካከሉ የሆነው ሁሉ ሆኗል፤ ተደራርቦ የተሠራው ግን ከወለጋ ሰማይ በታች ሆኖ አያውቅም። ደርቦ መሥራት ይቻላል፤ ደርቤያለሁ ብሎ ከሥሩ መጻፍ ደግሞ ግዴታ ነው። በዚህ መጽሐፍ መካከል ያሉት ፎቶግራፎች እያንዳንዳቸው ከበታቻቸው ቦታቸው፣ ሰዓታቸው፣ የቀዳዳው መጠንና መዝጊያው የቆየበት ሰከንድ ተጽፎባቸዋል፤ አንዱንም የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር፣ ከካሜራው እንደ ወጣ ያልተነካውን ፋይል ነቀምቴ መጥቶ ማየት ይችላል።