ሪፍ በመስታወት ገንዳ

ኮራል ድንጋይ ይመስላል፤ ሲያድግ ያየው ተክል ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ፣ አፋቸው በጥቃቅን እጆች የተከበበ ፍጥረታት እየተያያዙ አንዱን ኮራል ይሠራሉ። ጠንካራው ክፍል ከባሕር ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው የሚገነቡት አጽም ነው፤ አጽሙ ሲከማች ሪፍ ይባላል። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ ሠርቶ አብዛኛውን ለኮራሉ ያካፍላል፤ ኮራሉም ያስጠልለዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አብሮነታቸው ይፈርሳል። ኮራሉ አልጌውን አስወጥቶ ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል።

የሪፍ አኳሪየም ይህን አብሮነት በቤት ውስጥ የማቆየት ሙያ ነው። ውሃው ከተጣራ ውሃና ለዚሁ ከተዘጋጀ ጨው ይቀመማል፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃል። ፓምፖች ሞገዱን፣ መብራቶች ፀሐይን ይተካሉ። ኮራሉ ባደገ ቁጥር ካልሲየሙን ስለሚጨርስ አርቢው እየለካ ይተካል፤ መጠኑ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም ቢሆን ይመረጣል።

ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ችኮላ ነው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ሳምንታት ይወስዳል፤ ገንዳው በተሞላ ማግስት የሚገባ ዓሣ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሙያው ገና ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጃካርታ ውስጥ ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ሰው ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት የሰፈሩበትን ድንጋይ ከባሕር አምጥቶ፣ በአየር አረፋ ብቻ ኮራል ማቆየት እንደሚቻል አሳየ። የበርሊን አርቢዎች በዚህ ላይ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ፕሮቲን ስኪመር ጨመሩበት። በ1989 ደግሞ የሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ከጎረቤታችን ከጅቡቲ በመጣ ኮራል ትልቅ ገንዳ አቋቋመ።

ሙያውን ያሳደገው ግን መካፈል ነው። ብዙ የኮራል ዓይነት እንደ ሸንኮራ አገዳ ከቁራጩ ይበቅላል። ቅርንጫፉ ይቆረጣል፣ በትንሽ ድንጋይ ላይ በሙጫ ይጣበቃል፣ ከጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ ኮራል ይሆናል። አርቢዎች ይህን ቁራጭ “ፍራግ” ይሉታል። በርሊናዊው ዲትሪሽ ስቱበር ያሳደገው የአክሮፖራ ኮራል ከእጅ ወደ እጅ እየተሰጠ በብዙ ገንዳዎች ተባዝቷል። የሰጠ ሰው የራሱ ቢሞትበት ከሰጠው ቤት መልሶ ያገኛል፤ መስጠት በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚበልጥ ዋስትና ነው።

በገንዳ የማራባት ልማድ ዛሬ ለባሕሩም ተርፏል። በለንደን የሆርኒማን ሙዚየም ተመራማሪዎች የባሕሩን የሙቀት ለውጥ፣ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃን ብርሃን በገንዳ ውስጥ አስመስለው ኮራል እንቁላሉንና ዘሩን እንዲለቅ ማድረግ ችለዋል። በፍሎሪዳ ከ2014 ጀምሮ አደገኛ በሽታ ሪፉን ሲያጠቃ፣ ገና ያልታመሙ ኮራሎች ተሰብስበው በአሜሪካ የተለያዩ አኳሪየሞች ተጠለሉ። በ2019 የፍሎሪዳ አኳሪየም የአዕማድ ኮራል በቤተ ሙከራ ዘሩን እንዲለቅ አደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 የሃዋይ ተመራማሪዎች ቢጫ ታንግ የተባለውን ዓሣ ከእንቁላል አንስተው በገንዳ አሳድገዋል።

በተፈጥሮ ሪፍ ላይ ሙቀቱና በሽታው እየበረታ ነው። ስለዚህ ይህን ሙያ የሚጀምር ሰው ኮራልም ሆነ ዓሣ ሲገዛ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ከባሕር የተነቀለ ነው ወይስ በገንዳ የተራባ? በገንዳ የተራባውን መምረጥ ባሕሩን ከመራቆት ያድናል፤ እንስሳውም የገንዳን ኑሮ የለመደ ስለሆነ ለአርቢው ይቀልለዋል። ሲያድግለት ደግሞ ቆርጦ ለሌላው ይስጥ።