የአእምሮን ሥራ በቀመር መፈተን፦ የሮም ተመራማሪዎችና የክረምት ሥልጠናዎች

አንድ ሰው ከአንድ ጊዜ ስህተት ሲማር ሌላው ደጋግሞ የሚሳሳተው ለምንድን ነው? የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለዚህ መሰል ጥያቄ ለረጅም ዘመን በቃላት ሲመልሱ ኖረዋል። የአእምሮን አሠራር በኮምፒውተር ሞዴል የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ግን መልሱ በቀመር ተጽፎ እንዲፈተን ይጠይቃሉ። በቃል ሲነገር የተሟላ የሚመስል ንድፈ ሐሳብ ወደ ቀመር ሲለወጥ ክፍተቱ ይገለጣልና።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሕፃን አያቱ ቤት በሄደ ቁጥር ዳቦ ይሰጠዋል እንበል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ስለማይጠብቅ ግምቱ 0 ነው። ዳቦው በ1 ቢለካ፣ በጠበቀውና ባገኘው መካከል ያለው ልዩነት 1 ይሆናል፤ ይህም «የግምት ስህተት» ይባላል። ሕፃኑ በየጊዜው የልዩነቱን አንድ አምስተኛ የሚማር ከሆነ ግምቱ ወደ 0.2፣ ቀጥሎ ወደ 0.36፣ ከዚያም ወደ 0.488 ያድጋል። በአራተኛው ቀን ዳቦውን ቢያጣ ወደ 0.39 ገደማ ይወርዳል።

የዚህን ቀመር መሠረት ሮበርት ሬስኮርላና አለን ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1972 አቀረቡ። በ1997 ደግሞ ቮልፍራም ሹልትስ፣ ፒተር ዳያንና ሪድ ሞንታግ ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት የግምት ስህተትን የሚመስል ምልክት እንደሚሰጡ አስረዱ። የጥናቱ ፋይዳ እስከ ሕክምና ይደርሳል። በ2004 ማይክል ፍራንክና ባልደረቦቹ የፓርኪንሰን ሕሙማን መድኃኒት ሳይወስዱ ከመጥፎ ውጤት፣ ሲወስዱ ደግሞ ከመልካም ውጤት ይበልጥ እንደሚማሩ አሳዩ። ውጤቱም ሞዴላቸው ከተነበየው ጋር የተስማማ ነበር።

በጣሊያን መዲና ሮም የሚገኘው የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት የግንዛቤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም በዚህ ዘርፍ ታዋቂ ነው። ዶሜኒኮ ፓሪሲ በኮምፒውተር ውስጥ «ሰው ሠራሽ ሕይወት» እየፈጠሩ ባሕርይ እንዴት እንደሚዳብር መርምረዋል። ጆቫኒ ፔዙሎም አንጎል ያለማቋረጥ ይተነብያል ስለሚለው ሐሳብ ከቶማስ ፓርና ከካርል ፍሪስተን ጋር በ2022 መጽሐፍ አሳትመዋል።

በጃንሉካ ባልዳሳሬ አስተባባሪነት በ2009 የተጀመረው የአውሮፓ ፕሮጀክት ደግሞ ሕፃናትን፣ ካፑቺን የተባሉ ጦጣዎችንና ሮቦቶችን በአንድ ጥያቄ አገናኘ። ተሳታፊዎቹ ሲጫኑት ሣጥን የሚከፍት ቁልፍ ያለው ሰሌዳ ቀረበላቸው። ጥያቄው በጉጉት ብቻ የተገኘ እውቀት በኋላ ሽልማት ሲመጣ ያገለግላል ወይ የሚል ነበር።

በእንዲህ ያለ ሥራ ለመሳተፍ የሥነ ልቦና ባለሙያው ፕሮግራም መጻፍን፣ መሐንዲሱም ሙከራ መንደፍን መማር አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን እምብዛም አብረው ስለማያስተምሩ፣ ክፍተቱን የሚሞሉት የተጠናከሩ የክረምት ሥልጠናዎች ናቸው። በእነዚህ ሥልጠናዎች ትምህርቱ ከተግባር ልምምድ ጋር ይጣመራል፤ ሠልጣኞችም በቡድን የራሳቸውን ሞዴል ይሠራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ጥንቃቄ ነው። ሞዴል ከመረጃ ጋር ስለገጠመ ብቻ እውነት ነው አይባልም፤ ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች አንድ ዓይነት ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሠልጣኙ በቅድሚያ ራሱ በወሰነው የመማር ፍጥነት፣ ለምሳሌ በ0.2፣ ሰው ሠራሽ መረጃ ያመነጫል። ከዚያም ዘዴው ያንኑ ቁጥር መልሶ ማግኘቱን ይፈትሻል። የሚያውቀውን ቁጥር ማግኘት ያልቻለ ዘዴ የማያውቀውን የሕሙማን ባሕርይ ሊለካ አይችልም።

ይህን እውቀት ለመቅሰም የግድ ወደ አውሮፓ መጓዝ አያስፈልግም። ለመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። በ2020 በኢንተርኔት የተጀመረው ኒውሮማች አካዳሚ የትምህርት ጽሑፎቹን ለማንም በነፃ ክፍት አድርጓል። በደቡብ አፍሪካም «ኢምቢዞ» የተሰኘው የስሌታዊ ኒውሮሳይንስ ትምህርት ቤት የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል። በሮም ሰሌዳ ፊት የቀረበው ጥያቄ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ ሕፃናት በሚማሩበት ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል።