የማይጠፋ ጠባሳ ዋጋ፦ የመልክ ጉዳት ካሳ በፊቅህ፣ በአገር ሕግና በጎንደር ሽምግልና

አንድ መስአላ እናስቀድም። በዳባት ወይም በደባርቅ ገጠር የምትኖር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ በሰፈር ጠብ መካከል ፊቷን በስለት ተመታች እንበል። ቁስሉ በሁለት ወር ዳነ። ዓይኗ ያያል፣ አፏ ይናገራል፣ እጇም ይሠራል። ነገር ግን ከጉንጯ እስከ አገጯ የሚወርድ ጠባሳ ቀረ። ሐኪሙ ለሥራ ያላትን አቅም ሲመረምር የጎደለ ነገር ላያገኝ ይችላል። እናቷ ግን የጎደለውን በየቀኑ ታየዋለች። ለዚህ ጠባሳ የሚከፈል ነገር አለን? ካለስ ማን ይተምነዋል? በየትኛው ደጅስ ይጠየቃል?

የጎንደር ሙስሊም እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስበት ሦስት ደጆች ይታዩታል፤ የአገር ሽማግሌዎች፣ የመንግሥት ፍርድ ቤትና ቃዲ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቀዳማዊ ዮሐንስ በ1660 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ካዘዙ በኋላም ቢሆን የጎንደር ሙስሊሞች በገበያ፣ በጠብና በእርቅ ከጎረቤቶቻቸው አልተለዩም። ዛሬም በአዲስ ዓለምም ሆነ በሰሜን ደጋ ቀበሌዎች ለደም ጉዳይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ ደጆች ስለ ቋሚ ጠባሳ ምን እንደሚሉ ማብራራት፣ ከዚያም ተጎጂው በአንዱ ደጅ ሲገባ በሌላው ያለውን መብት እንዳያጣ ማሳሰብ ነው።

ጠባሳ በፊቅህ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 45 ቁስሎች በአምሳያቸው እንደሚመለሱ ያወሳል፤ መብቱን የተወ ሰው መተዉ የኃጢአት ማስተሰረያ እንደሚሆንለትም በዚያው ይነግረናል። ስለዚህ ተጎጂው የሚያነሣው ጥያቄ ልመና ሳይሆን መብት ነው። ምሕረትም ቢያደርግ ከመብት ላይ የተሰጠ ስጦታ ይሆናል። በቡኻሪ የተዘገበው የሩበይዕ ቢንት አን-ነድር ታሪክ ይህን ያሳያል። ሩበይዕ የአንዲት ልጃገረድን የፊት ጥርስ ሰበረች። ቤተሰቦቿ ምሕረትና ካሳ ቢያቀርቡም የተጎጂዋ ወገኖች እምቢ አሉ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) በቂሷስ ፈረዱ፤ ኋላ ግን የተጎጂዋ ወገኖች ወደው ካሳውን ተቀበሉ። ካሳው የመጣው የልጅቱ መብት በግልጽ ከታወቀላት በኋላ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐምር ኢብን ሐዝም አስጽፈው ወደ የመን በላኩት ደብዳቤ የብዙ አካላት ካሳ በቁጥር ተወስኗል። ሙሉ ዲያ 100 ግመል ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አፍንጫ ሙሉ ዲያ፣ አንድ ዓይን ግማሽ፣ አንድ ጣት 10 ግመል፣ አንድ ጥርስ 5 ግመል ያስከፍላል። አጥንት እስኪታይ የደረሰ የራስና የፊት ቁስል፣ ማለትም ሙዲሓ፣ 5 ግመል ነው። እንዲህ የተወሰነው አርሽ ይባላል። በቁጥር ያልተወሰነው ጉዳት ደግሞ በሑኩማህ ይታያል፤ ይኸውም ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቃዲው ባለሙያ ጠይቆ ከዲያ ላይ የሚተምነው ድርሻ ነው። አብዛኛው የፊት ጠባሳ የሚወድቀው በዚህ ክፍል ነው። የሴትን ካሳ በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች የወንድ ግማሽ ያደርጉታል፤ በማሊክና በአሕመድ መዝሀብ ግን የዲያ ሲሶ እስኪደርስ ድረስ ከወንድ ጋር እኩል ነው። ሙዲሓ ከሲሶ በታች ስለሆነ በእነዚህ መዝሀቦች የልጃገረዷ ካሳ አይቀንስም።

የጠባሳን ነገር ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የሐነፊ መዝሀብ ሦስት ኢማሞች ክርክር ነው። ቁስሉ ምንም ምልክት ሳይተው ቢድን በዳዩ ምን ይከፍላል? አቡ ሐኒፋ ምንም አይከፍልም ይላሉ፤ ካሳው የሚከፈለው ለሸይን፣ ማለትም በመልክ ላይ ለሚቀር እንከን ነውና፣ እንከኑ ከጠፋ ካሳውም ይወድቃል። አቡ ዩሱፍ የሕመሙ ካሳ ይቀራል ይላሉ። ሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰን ደግሞ የሐኪምና የመድኃኒት ወጪ ይከፈላል ይላሉ። ክርክሩ ምልክት በጠፋበት ሁኔታ ላይ ነው። ምልክቱ ከቀረ ግን ካሳ እንደሚገባ አንዳቸውም አልተጠራጠሩም። ከዚህ የምንረዳው በአንድ ቁስል ውስጥ ወጪ፣ ሕመምና እንከን የሚባሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን፣ ከሦስቱም እንከን ራሱን የቻለ የካሳ ምክንያት መሆኑን ነው።

የማሊክ ሙወጠእም ይህንኑ ያጠናክራል። የመዲናው ፈቂህ ሱለይማን ኢብን የሳር የፊት ሙዲሓ እንደ ራስ ሙዲሓ 50 ዲናር እንደሆነ ተናግረው፣ ፊትን ካበላሸ ግን እስከ ግማሹ ተጨምሮ 75 ዲናር ሊደርስ እንደሚችል ገልጸዋል። በጭማሪው ዑለማእ ቢለያዩም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የቁስሉ ጥልቀት አንድ ሆኖ ሳለ የተበላሸ መልክ ለብቻው ይቆጠራል።

ጠባሳ በአገር ሕግ

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሁሉ ይዘው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያስባሉ። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለሃይማኖት ሕግ የከፈተው በር የግልና የቤተሰብ ጉዳይን የሚመለከት ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ሥልጣኑን የወሰነው በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ላይ ነው፤ ያም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ። የአካል ጉዳት ካሳ ከዚህ ውጭ ነው። ቃዲው ሊመክር፣ ሊያስታርቅና ፊቅሁን ሊያስረዳ ይችላል፤ በጉዳዩ ላይ አስገዳጅ ፍርድ ግን አይሰጥም።

የመንግሥት ፍርድ ቤት ደጅ ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 የሰውን መልክ በከባድና በግልጽ በሚታይ ሁኔታ ማበላሸትን ከከባድ የአካል ጉዳት ይቆጥረዋል፤ ቅጣቱም እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንዲት ወጣት ላይ አሲድ በተደፋ ጊዜ አገር የተቆጣው የመልክ ጉዳት ምን ያህል ሕይወት እንደሚሰብር ሁሉም ስለተረዳ ነው። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 101 መሠረት ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ ይችላል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። በአንቀጽ 2092 ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይከፈላል። ጠባሳውን ለማስተካከል ሐኪም ያዘዘው ቀዶ ሕክምና በዚህ ሥር ሊጠየቅ ይችላል። በአንቀጽ 2102 ደግሞ የጉዳቱ ልክ በቁጥር ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ ይወስናል። ይህ አንቀጽ ከፊቅሁ ሑኩማህ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በጎንደርና ደባርቅ መንገድ ላይ በመኪና ከሆነም በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተደንግጓል።

በሦስቱ ኢማሞች ሚዛን ብንመዝነው ሕጉ የሙሐመድን ወጪ በሙሉ ይቀበላል። ሕመሙና የመልክ መበላሸት የሚያመጣው የኅሊና ጉዳት ላይ ሲደርስ ግን ይጠብባል። አንቀጽ 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗልና። ይህ ቁጥር በ1952 ዓ.ም. ሲጻፍ ትንሽ አልነበረም። በዚያ ዘመን በነበረው ይፋዊ የብር የወርቅ ምጣኔ 1,000 ብር ከ350 ግራም በላይ ወርቅ ያህል ነበር። ዲናሩን በ4.25 ግራም ብናሰላው ከ80 ዲናር በላይ ይሆናል፤ ማለትም በሙወጠእ ለተበላሸ ፊት ከተጠቀሰው 75 ዲናር ይበልጣል። ሁለቱ ሕጎች ሳይነጋገሩ በአንድ መጠን አካባቢ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን 1,000 ብር አንድ ግራም ወርቅ እንኳ አይገዛም። ፊቅህ ዲያን በግመልና በወርቅ የመተመኑ ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል፤ በገንዘብ ቁጥር የተጻፈ መብት ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ይሟጠጣል።

ስለዚህ ተጎጂው ጠባሳውን በኅሊና ጉዳት ስም ብቻ ቢያቀርብ በዚህ ጠባብ ጣሪያ ሥር ይወድቃል። የሚበጀው ጠባሳው ያስከተለውን ቁሳዊ ጉዳት በማስረጃ መዘርዘር ነው፤ የቀረውን ሕክምና፣ የሐኪም ቤት የጉዞ ወጪን፣ በመልኳ ምክንያት የታጣ ሥራን ወይም የተቋረጠ ንግድን። የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠው የጉዳት መቶኛ የሚያተኩረው በአካሉ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ መልኩን የሚገልጽ የሐኪም ጽሑፍና ከጉዳቱ በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ ሊጨመሩ ይገባል።

በዳዩ በውል ካልታወቀስ? በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ ሸይኽ ቀብር ላይ በተነሣው ጥቃት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል። በእንዲህ ያለ ግርግር የመታው እጅ የማን እንደሆነ ለይቶ ማስረዳት ከባድ ነው። አንቀጽ 2142 ጉዳቱን ካደረሱት ሰዎች መካከል አንዱ መሆኑ እርግጥ ሆኖ ማንነቱ ካልተለየ፣ ዳኛው ርትዕ ሲያስገድድ ቡድኑ በአንድነት እንዲክስ ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ፊቅህም የስሕተት ዲያን በዳዩ ብቻውን ሳይሆን ዓቂላው፣ ማለትም ወገኑ፣ እንዲሸከመው በማድረጉ የቆሰለ ሰው ያለ ካሳ እንዳይቀር መጠንቀቁን ያሳያል።

ሽምግልናና ሁለት ወጥመዶች

ሱልሕ በሸሪዓ የተወደደ ነው፤ ሐራምን ሐላል እስካላደረገ ድረስ ወገኖች ከተወሰነው በላይም ሆነ በታች ሊስማሙ ይችላሉ። በደጋው ምድር ደምን የሚያደርቀው፣ በቀልን የሚያቆመው እርሱ ነው። ሽማግሌን የሚያናንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። ሆኖም ሁለት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ፊቅህ ካሳው ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንዲተመን ይላል፤ ሽማግሌዎችም ልብ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። የአገር ሕግ ግን በአንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበ በይርጋ ያግዳል። ጉዳዩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ረዥሙ ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ሽምግልናው እየቀጠለም ቢሆን የሐኪም ማስረጃውን መያዝና ክሱን በጊዜው መክፈት ይቻላል። ይህ እርቅን ማፍረስ አይደለም።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። በአንቀጽ 3312 መሠረት ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ኃይል አለው። ‹‹ምሬያለሁ›› ብሎ አሻራውን ያሳረፈ ሰው ምን እንደማረ ካልተጻፈ በኋላ ለሚመጣው ሕክምና መጠየቅ ሊያቅተው ይችላል። አቡ ሐኒፋ ቁስሉን የማረ ሰው ከቁስሉ የተነሣ ቢሞት ነፍሱን እንደማረ አይቆጠርም ሲሉ፣ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ምሕረቱ ሁሉንም ያካትታል ብለዋል። ኢማሞቹ የተለያዩበትን ነገር ለቤተሰብ ግምት መተው አይገባም። ስለዚህ በእርቅ ወረቀት ላይ በቀል መቅረቱ፣ የተከፈለው ገንዘብ ለምን እንደተከፈለ፣ የወደፊት ሕክምና በማን ላይ እንደሆነ ሦስቱም ተለይተው ይጻፉ። ልጃገረዷ ለአካለ መጠን ካልደረሰች በወኪሏ በኩል የሚደረግ ስምምነት ለጥቅሟ መሆኑ ይታይ። ቤተሰቡ ለጉርብትና ሲል የእርሷን ፊት በርካሽ እንዳይሸጥ ቃዲውም ሽማግሌውም አደራ አለባቸው። እርቅ ቢደረግም አንቀጽ 555 በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል ስላልሆነ የዐቃቤ ሕጉ ክስ እንደማይቆም ሁለቱም ወገን አስቀድመው ይወቁ፤ በዳዩ ጉዳቱን መካሱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

ወደ መስአላችን እንመለስ። ለልጃገረዷ ጠባሳ የሚከፈል ነገር አለ። ፊቅህ ስሙን ሸይን ብሎ ለይቶታል፣ የወንጀል ሕጉ ከባድ ጉዳት ብሎታል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በርትዕ የሚተመንበትን መንገድ ከፍቶለታል። የጎደለው የ1952ቱ ቁጥር ነው፤ እርሱን ማሻሻል የሕግ አውጪው ሥራ ሆኖ፣ ይሻሻል ብሎ መጠየቅ የዑለማእና የሕግ ምሁራን የጋራ ግዴታ ነው። እስከዚያው ልጃገረዷን ወደ ሽማግሌ የሚወስዳት አባት በመጀመሪያ ወደ ሐኪም ይውሰዳት፣ ቀኑንም ይጻፍ። ወላሁ አዕለም።