አዲሱ ካምፐር ባይሸጥም የተሸጠው መሙላቱ አይቀርም

የሰሜን አሜሪካ የካምፐር ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ከ600 ሺህ በላይ ተሽከርካሪና ተጎታች ቤቶችን ለሻጮች አስረክበው ነበር። በ2023 ቁጥሩ ወደ 313 ሺህ ግድም አሽቆለቆለ። በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልክሃርት ዙሪያ የከተሙት ፋብሪካዎች ቢቀዘቅዙም በኮሮና ወቅት የተገዛው ካምፐር ግን ኩሽናውን፣ ሻወሩንና ሽንት ቤቱን እንደያዘ ነው። በየጥቂት ቀኑም ይሞላል። ብልህ ነጋዴ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ካምፐሩ ከወለሉ በታች በአብዛኛው ሁለት ታንከሮች አሉት። አንዱ የዕቃና የገላ እጣቢ፣ ሌላው የሽንት ቤቱን ይይዛል። በተለመደው አሠራር ባለቤቱ ሦስት ኢንች ስፋት ያለው ቱቦ ይገጥምና ፍሳሹ በራሱ ክብደት ወደ ማስወገጃው ይወርዳል። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ይለቀቃል፤ እጣቢው ተከትሎ ቱቦውን ያጥበዋል። ዘዴው ርካሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማስወገጃው የራቀ ወይም ከመኪናው ከፍ ያለ ሲሆን ነው፤ ፍሳሽ በራሱ ሽቅብ አይሄድ!

ለዚህ መላ ሆኖ ገበያ ላይ የዋለው ባለ 12 ቮልት ፈጪ ፓምፕ ነው። ቆሻሻውን በምላጭ ፈጭቶ ስለሚገፋ አትክልት ማጠጫን የሚያህል ቀጭን ጎማ ይበቃዋል፤ መለስተኛ ዳገትም አያግደውም። ሆኖም ያለ ፈሳሽ ከሠራ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል፣ እርጥብ መጥረጊያ ከገባበትም ይነክሳል። በመሆኑም ፓምፕ የገዛ ሰው ወፍራሙን ቱቦ አይጥልም። ለሻጩ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም።

ካምፐሩን ከቆመበት ማንቀሳቀስ ለማይፈልግ ደግሞ ባለ ጎማ ተጎታች በርሜል አለ። ማስታወቂያው ቀላል ያስመስለዋል እንጂ 100 ሊትር ፍሳሽ አንድ ኩንታል ነው። በአውሮፓ የተለመደው 20 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ እንደ ሻንጣ ተስቦ የሚወጣ ካሴት ነው። ለጀርባ ይሻላል፤ ቶሎ ቶሎ ግን ይሞላል።

ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። የሽንት ቤቱ ታንከር መክፈቻ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ተዘግቶ ይቆያል። ክፍት ከተተወ ውሃው አምልጦ ደረቁ ይከመራል፣ ይጠጥራልም። ሻጩ ይህን ሳይነግረው የሸኘው ደንበኛ «ፓምፑ አይሠራም» ብሎ ይዞት ይመለሳል።